ዱንጉዛ በመርፌ መሰኪያ ላይ

በወላይታ፣ የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ሻንቶ፣ እንዲሁም በሶዶና በአረካ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ መርፌና ስፒሉን የት እንደሚያኖር አይታችሁ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ደረቱ ወይም ኮሌታው ላይ ይሰካዋል። እዚያ የተሰካ መርፌ ሰው ሲያቅፍ ይወጋል፣ ሲወድቅም አይገኝም። ለዚህ መፍትሔው የመርፌ መሰኪያ የምትባል፣ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ ጠንካራ ትራስ ናት። በአውሮፓ መርፌ ውድ በነበረበት ዘመን የቤት ኩራት ሆና ፊቷ በጥልፍ ያጌጥ ነበር። እኛ ዘንድ ፊቷን ለማስጌጥ ከወላይታው የሽመና ጨርቅ፣ ከዱንጉዛ፣ የተሻለ ንድፍ አላውቅም።

ምክንያቱ መቁጠር ነው። በሐበሻ ቀሚስ ላይ የምናውቀው ጥልፍ መጀመሪያ በእርሳስ ይሣላል፣ ክሩም መስመሩን ተከትሎ ይታጠፋል። የመስቀል ጥልፍ ግን ጨርቁ ላይ ምንም አይሣልበትም። ጠላፊዋ ባለካሬ ወረቀት ላይ የተቀባውን ንድፍ እያየች በጨርቁ ላይ ያሉትን ካሬዎች ትቆጥራለች፤ በእያንዳንዱ ካሬ ላይ ሁለት አጫጭር ስፌቶችን ታጣምራለች። ሸማኔም ጥበቡን የሚያወጣው ድሩን ቆጥሮ ማጉን በማስገባት ነው። ስለዚህ የዱንጉዛው ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመሮች በመስቀል ጥልፍ ሲሠሩ ጥርት ብለው ይወጣሉ። ጽጌረዳ በዚህ መጠን ቢሞከር ጠርዙ ይሰባበራል።

ጨርቁ አይዳ ይባላል፤ ለጀማሪ በአንድ ኢንች 14 ካሬ ያለው ይስማማል። እኔ የምመክረው ንድፍ ወርዱም ቁመቱም 42 ካሬ፣ ማለትም 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲቆጠር 7 ረድፍ ቀይ፣ 4 ረድፍ ቢጫ፣ 6 ረድፍ ጥቁር ይሁን። መሐሉ ላይ 8 ረድፍ ይቀመጣል፤ እዚህ በቀይ መደብ ላይ ስድስት ቢጫ አልማዞች ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ አልማዝ 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ ይሰፋና 7፣ 5፣ 3፣ 1 እያለ ይጠባል። ከዚያ በታች ያው ቀለም ተገልብጦ ይደገማል፤ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ቀይ። ጠቅላላው 1,764 ስፌት ነው። ይህ የሸማኔውን ሥራ መቅዳት አይደለም፤ ሸማኔው ከዚህ የበለጠ ያውቃል። ቀለሙንና ሥርዓቱን መከተል ብቻ ነው።

ጨርቁን ለአራት አጥፋችሁ መሐሉን ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ። የጥልፉ ክር ስድስት ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ ሁለቱን ብቻ ለዩ። መርፌው ጫፉ ደነዝ፣ ዓይኑ ሰፊ ይሁን። ቋጠሮ አትቋጥሩ፤ ከፊት ጉብ ብሎ ይታያል። የክሩን ጫፍ ከኋላ ባሉት ስፌቶች ሥር ማስገባት ይበቃል። ከሁሉ በላይ ግን የላይኛው ስፌት ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዘንብል። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ከሆነ ብርሃን በእኩል አያርፍበትም፤ ሥራው ሁሉ የቆሸሸ ይመስላል። ቀይ ክርን ደግሞ አትመኑት፤ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቀለም እንደማይለቅ ሳታረጋግጡ አትጀምሩ።

አሞላሉ ላይ ብዙዎች ጥጥ ይቀናቸዋል። ጥጥ እርጥበት ይይዛል፣ መርፌም ያዝጋል። የበግ ጠጉር ይሻላል፤ ተፈጥሯዊ ቅባቱ ብረቱን ስለሚጠብቅ እጥበቱ አይብዛ። ስፒል ሲሰካ አጥብቆ እንዲይዝ አድርጋችሁ ጠቅጥቁት። ከሥር ትንሽ ከረጢት ደረቅ አሸዋ ቢገባበት ትራሷ ጠረጴዛ ላይ አትንሸራተትም።

የጀርባው ጨርቅ እውነተኛ ዱንጉዛ ይሁን። ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ በዓል፣ ልብስ ሲሰፋ ከየልብስ ሰፊው መቀስ ሥር የሚወድቀው ቁርጥራጭ ለብዙ መሰኪያ ይበቃል። ማን ይገዛዋል እንዳትሉ፣ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል አካባቢ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎች ጥልፍ እየሠሩ ሲሸጡ ኖረዋል። የእጅ ሥራ ገበያ እንዳለው ለማሳየት ይህ ይበቃል። ስለዚህ የሻንቶ ልብስ ሰፊዎች ሆይ፣ ቁርጥራጩን አትጣሉ፤ ጥልፍ ለሚማሩት የሠፈራችሁ ልጆች ስጧቸው። የመጀመሪያዋንም መሰኪያ እናንተው ከእነሱ ግዙ።