የታሰረ አውሬ ከምግቡ ሌላ ምን ያስፈልገዋል?

በአራዊት ግቢ ተዘግቶ የሚኖር አውሬ፤ ምግቡ ሳይጓደል፤ ውሃው ሳይቋረጥ፤ ሐኪሙም ሳይለየው፤ በመሰልቸት ብቻ ሊጐዳ ይችላል ቢባል የሚገረም ሰው አይታጣም። ነገር ግን በዱር የሚኖር አውሬ የሚበላውን የሚያገኘው በድካም መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ያሸታል፤ ያደባል፤ ይቈፍራል፤ ይወጣል፤ ይወርዳል። በግቢ በገባ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ሥራ ይወሰድበትና ምግቡ በሰዓቱ ተዘጋጅቶ ይቀርብለታል። ኃይሉና ብልኃቱም መዋያ ያጣሉ። ስለዚህ አንዱን መንገድ እየደጋገመ ይመላለሳል፤ ራሱን ይወዘውዛል፤ አንዳንዱም ጠጕሩን ይነጫል።

በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ከተማ፤ በሴንትራል ፓርክ የአራዊት ግቢ ይኖር የነበረው ገስ የተባለው ነጭ ድብ ለዚህ ነገር ዋና ምስክር ነው። በ1994 ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር ይህ ድብ የ8 ቍጥርን ቅርጽ እየሠራ በገንዳው ውስጥ በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ሲመላለስ ታየ፤ ወሬውም በየጋዜጣው ተሰማ። የግቢው ሹሞች የአራዊትን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ጠርተው ቢያማክሩ፤ የተገኘው መድኃኒት ለድቡ ሥራ መስጠት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ዓሣው በበረዶ ውስጥ ረግቶ ይሰጠው ጀመር፤ ልዩ ልዩ መጫወቻም ተጨመረለት። መመላለሱ ፈጽሞ ባይጠፋም እጅግ ቀነሰ፤ ገስም እስከ 2013 ዓመት ድረስ ኖሮ በ27 ዓመቱ ሞተ።

ሐሳቡ ግን ከገስ በፊት የነበረ ነው። ሮበርት የርክስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1925 ዓመት፤ ለታሰሩ ዝንጀሮች የመጫወቻና የሥራ መሣሪያ እንዲደረግላቸው ጽፎ ነበር። የስዊስ ሊቅ ሃይኒ ሄዲገርም በ1942 ዓመት ባወጣው መጽሐፍ፤ ለአውሬው የሚጠቅመው የቦታው ስፋት ብቻ ሳይሆን በቦታው ውስጥ ያለው ነገር ጭምር መሆኑን አስተማረ።

አውሬ ሥራን የሚወድ መሆኑም ተፈትኗል። በ1963 ዓመት ግሌን ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ ለአይጦች ምግብ በሳህን አቅርቦ፤ በአጠገቡም ሲጫኑት ምግብ የሚሰጥ ብረት ቢያኖርላቸው፤ ብዙዎቹ በሳህን ያለውን ትተው በብረቱ መሥራትን መረጡ። በ2021 ዓመት በካሊፎርንያ የተፈተኑት የቤት ድመቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ድካም የቀረበላቸውን መረጡ፤ ይህም ድመት ላላቸው ቤተ ሰቦች አዲስ ነገር አይሆንም።

አሁን በብዙ አገር ያሉ ጠባቂዎች ይህን ብልኃት ይሠሩበታል። ለዝንጀሮ እህሉን በጭድ ውስጥ ይበትኑለታል፤ ለዝሆን ድርቆሹን ከፍ አድርገው ይሰቅሉለታል፤ ለአንበሳም እንደ ቀረፋ ያለ ሽታ በግንድ ላይ ይነሰንሱለታል። ዛሬ ያስደነቀው ነገር ነገ ስለሚሰለች ዘወትር መለዋወጥ አለበት፤ እንዳይውጠውም አስቀድሞ ይመረመራል። ስለዚህ ከጐብኚ እጅ የሚወረወር ምግብ እንደ ደግነት ሊቈጠር አይገባም፤ የጠባቂውን ሥራ ያበላሻል፤ አውሬውንም ያሳምማል።

አዲስ አበባ በስድስት ኪሎ የአንበሳ ግቢ ከተመሠረተበት ከ1948 ዓመት ጀምሮ፤ ብዙ ወላጅ ልጁን ይዞ አንበሳ ሊያሳይ ሄዷል። እንግዲህ ወደ አራዊት ግቢ ልጆቻችሁን ስትወስዱ፤ የአውሬውን ግዝፈትና የጥርሱን ስለት ብቻ አታሳዩአቸው። ጥቂት ቆማችሁ «ምን ሲሠራ ታየዋለህ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። በቤትም የታሰረ ውሻ ካለ፤ ወደ ቤት ስትመለሱ ያንኑ ጥያቄ ስለ እርሱ ይመልሱ።