ሁለት ትክክለኛ ትእዛዞች ፎልደር ሲያጠፉ

ሁለት ፕሮግራሞች አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ ሲሻሙና ውጤቱ እንደ ቀዳሚው ማንነት ብቻ የሚለያይ ሲሆን፣ የዘርፉ ባለሙያዎች ስህተቱን ‹‹ሬስ ኮንዲሽን›› ይሉታል፤ የሽሚያ ስህተት ማለት ይቻላል። በፋይል ሥርዓት፣ ማለትም ፋይሎችንና ፎልደሮችን በዲስክ ላይ በሚያደራጀው የስርዓተ ክወና ክፍል፣ ሽሚያው የሚከፋው የተበላሸው ነገር ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ቢበራም እንደተበላሸ ሊቆይ ስለሚችል ነው።

‹‹2015›› በተባለ ፎልደር ውስጥ ‹‹ደብዳቤ››፣ ‹‹2016›› በተባለው ውስጥ ደግሞ ‹‹ፎቶ›› የሚባሉ ፎልደሮች አሉ እንበል። አንዱ ፕሮግራም ‹‹ደብዳቤ››ን ወደ ‹‹ፎቶ›› ሲያዛውር፣ ሌላው በዚያው ቅጽበት ‹‹ፎቶ››ን ወደ ‹‹ደብዳቤ›› ያዛውራል። ስርዓተ ክወናው ፎልደር በገዛ ራሱ ውስጥ እንዳይገባ አስቀድሞ የሚመረምር ቢሆንም፣ ምርመራው ሲካሄድ ገና ምንም ያልተንቀሳቀሰ በመሆኑ ሁለቱንም ይፈቅዳል። በመጨረሻ አንዱ በሌላው ውስጥ ሆነው ይገኛሉ፤ ከዋናው ፎልደር ተነስቶ ወደ እነርሱ የሚያደርስ መንገድ ስለማይኖርም በውስጣቸው ያለው ሁሉ ዲስኩ ላይ እያለ ይጠፋል።

የተለመደው መፍትሔ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉን የያዘው ሲሠራ ሌላው ይጠብቃል። እዚህ ግን የፎልደሮቹ የየራሳቸው ቁልፍ ብቻውን አይበቃም፤ የመጀመሪያው ፕሮግራም ‹‹2015››ንና ‹‹ፎቶ››ን፣ ሁለተኛው ‹‹2016››ንና ‹‹ደብዳቤ››ን ስለሚቆልፉ የሚጋሩት ቁልፍ የለም። የሊኑክስ መሐንዲሶች ያገኙት ብልሃት ለመላው የፋይል ሥርዓት አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ማኖር ሲሆን፣ እርሱም የሚያዘው ከፎልደር ወደ ፎልደር ለሚደረግ ዝውውር ብቻ ነው፤ ባለበት ስሙ የሚቀየር ፋይል አይነካውም።

ይህ ቁጥብነት ከልምድ የመጣ ነው። ሊኑክስ በ1996 እ.ኤ.አ. ብዙ ፕሮሰሰር ላላቸው ኮምፒውተሮች ሲዘጋጅ መላውን ከርነል፣ ማለትም የስርዓቱን እምብርት፣ በአንድ ትልቅ ቁልፍ ይጠብቅ ነበር፤ ጥበቃው አስተማማኝ ቢሆንም ፕሮሰሰሮቹን ወረፋ አስያዛቸው፤ ተጠርጎ የወጣውም በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ቁልፎች ሲበዙ በተራው ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ሁለት ፕሮግራሞች አንዱ የሌላውን ቁልፍ ሲጠብቅ ለዘለዓለም ሊቆሙ ይችላሉ፤ ስለዚህ ቁልፎች የሚያዙበት ቅደም ተከተል፣ ለምሳሌ ከልጅ ፎልደር በፊት የወላጁ፣ ሊጠበቅ ይገባል።

ቁልፍ የተረሳበትን ቦታ ማግኘት ግን ከሁሉ ይከብዳል፤ ሽሚያው በሺህ ሙከራ አንዴ ብቻ ሊታይ ይችላልና። በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ ሊኑክስ የገባው ኬሲሳን (KCSAN) የተሰኘ መመርመሪያ፣ አንድ ፕሮሰሰር ማኅደረ ትውስታን ሊነካ ሲል ሆን ብሎ ለአፍታ ያዘገየዋል፤ ከዚያም ሌላ ፕሮሰሰር በዚያችው ቦታ ላይ ይመጣ እንደሆነ ይጠባበቃል።