ባሕር ያላየው የባሕር ዓሣ

ከይፋት ቆላ የሚነሳ ውኃ ባሕር አይደርስም። የሮቢም ሆነ የጀውሃ ወንዝ ወደ ምሥራቅ ወርደው አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽም የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በአዋሽ ተፋሰስ የሚታወቁት እነ ቆሮሶና አምባዛም ጨው አልባ ውኃ የለመዱ ናቸው። ዛሬ የምናስተዋውቀው ክላውንፊሽ ግን ያለ ጨው ውኃ ውሎ አያድርም። ልጆች ባሉበት ቤት መልኩ እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የኒሞ የካርቱን ፊልም ይህን ብርቱካናማ፣ ነጭ መቀነት የታጠቀ ትንሽ ዓሣ በዓለም ዙሪያ አስተዋውቆታል።

ባሕር በሌለበት አገር ስለ ባሕር ዓሣ ማውራት ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው። ዛሬ በየአገሩ የመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚታየው ክላውንፊሽ ብዙውን ጊዜ ራሱም ባሕር አይቶ አያውቅም። እናቱም አባቱም ብዙ ጊዜ በገንዳ ውስጥ የተፈለፈሉ ናቸው። የቀለሙ ምርጫ የአርቢው ነው። ጥንድ የሚሆንበት ሕግ ግን ከባሕር ይዞት የመጣው ነው፤ አርቢ ሊከተለው እንጂ ሊለውጠው አይችልም።

ቤተሰቡና ቤቱ

ክላውንፊሽ ሠላሳ ያህል ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ ከሕንድ ውቅያኖስ እስከ ምዕራብ ፓስፊክ ባሉ ሞቃት የኮራል ዳርቻዎች ይኖራሉ። ለእኛ የሚቀርበው ባለ ሁለት መስመሩ ሲሆን መኖሪያው ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት ነጋዴዎች ይወርዱበት የነበረው የዘይላ ወደብ የሚገኘውም በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ዳር ነው። በገንዳ የሚረቡት ግን በአመዛኙ ከወደ ምሥራቅ የመጡት ሁለቱ ዘመዳሞች፣ ኦሴላሪስና ፐርኩላ ናቸው።

በባሕር ውስጥ ክላውንፊሽ የሚኖረው አኔሞን በሚባለው፣ ቅርንጫፎቹ መርዘኛ በሆኑ እንስሳ መሃል ነው። ሌላውን ዓሣ የሚያሽመደምደው መርዝ እሱን አይነካውም፤ ቆዳውን የሸፈነው ልዩ ንፍጥ ይጠብቀዋል። ለዚህ መጠለያ ውለታ ይመልሳል፦ አኔሞኑን የሚቀነጥቡ ዓሣዎችን ያባርራል፤ ከሰውነቱ የሚወጣው ቆሻሻም ለአኔሞኑ ምግብ ይሆናል። በገንዳ ያደገ ክላውንፊሽ ግን ያለ አኔሞን በደህና ይኖራል። አኔሞን ኃይለኛ መብራትና ጠባዩ የማይለዋወጥ ውኃ ስለሚፈልግ ጀማሪ ባይሞክረው ይሻላል።

ቀለሙን የመረጠው ሰው

በገንዳ ከረቡ የባሕር ጌጥ ዓሣዎች ውስጥ ክላውንፊሽ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። አሜሪካዊው ማርቲን ሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍሎሪዳ ውስጥ ለገበያ አራብቶታል። ከሌሎች የባሕር ዓሣዎች ይልቅ የተመቸበት ምክንያት አለው። ብዙዎቹ የባሕር ዓሣዎች እንቁላላቸውን በውኃው ላይ በትነው ይሄዳሉ፤ ክላውንፊሽ ግን ጠንካራ ነገር ላይ አጣብቆ ይጠብቃል። ጫጩቱም ሲፈለፈል ተለቅ ስለሚል ወዲያው አድኖ መብላት ይችላል።

እርባታው ሲስፋፋ ወጣ ያለ መልክ ያላቸው ጫጩቶች መታየት ጀመሩ። መቀነቱ ተቆራርጦ እንደ በረዶ ብናኝ የተበተነበት ስኖውፍሌክ ተባለ። ነጩ ቀለም ሰፍቶ እንደ ሥዕል የተዘበራረቀበት ፒካሶ ተባለ። ከሰሜን አውስትራሊያ ከዳርዊን አካባቢ የመጣው ጥቁርና ነጭ ኦሴላሪስም ከብርቱካናማው ጋር እየተዳቀለ ሌሎች መልኮችን ሰጠ። ገበያው እነዚህን ሁሉ ዲዛይነር ክላውንፊሽ ይላቸዋል።

አሠራሩን ለመረዳት ፒካሶን እንይ። ማንኛውም ጫጩት አንድ ዘረመል ከእናቱ፣ አንድ ከአባቱ ይወርሳል። ፒካሶ ማለት የተለየውን ዘረመል ከአንዱ ወላጅ ብቻ ያገኘ ዓሣ ነው። ስለዚህ ፒካሶ ከመደበኛው ጋር ሲጣመር ከጫጩቶቹ ግማሽ ያህሉ ፒካሶ፣ ግማሽ ያህሉ መደበኛ ይሆናሉ። ፒካሶ ከፒካሶ ሲጣመር ግን በአማካይ ከአራት አንዱ መደበኛ፣ ሁለቱ ፒካሶ ሲሆኑ አንዱ ዘረመሉን ከሁለቱም ወገን ስለሚያገኝ ገላው ከሞላ ጎደል ነጭ ይሆናል። ይህኛው ፕላቲነም ይባላል። ዘር ለሚመርጥ የይፋት ገበሬ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ ጥሩ መልክ ከጥሩ መልክ ጋር ቢጣመርም ልጁ ሁሉ አንድ ዓይነት አይወጣም።

ባሕር ሩቅ መሆኑ ለዚህ ሥራ እንቅፋት እንዳልሆነ የላይትኒንግ ማሩን ክላውንፊሽ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከፓፑዋ ኒው ጊኒ የተያዘ ነጭ መስመሩ እንደ መብረቅ የተሰነጣጠቀ ዓሣ ነበር። ማት ፔደርሰን የሚባለው አርቢ እ.ኤ.አ. በ2012 ከመደበኛ ዘመዱ ጋር አጣምሮ ጫጩት አገኘበት፤ ግማሽ ያህሎቹም የመብረቁን መልክ ይዘው ወጡ። ሥራው የተሠራው ዱሉዝ በተባለች የአሜሪካ መሃል አገር ከተማ ነው። ዱሉዝ ያለችው ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ሲሆን ውኃው ጨው የለውም፤ ከውቅያኖስ ያላት ርቀትም ከይፋት ቆላዋ ከሸዋ ሮቢት ይበልጣል።

የቀለም ምርጫ ዋጋም ያስከፍላል። መልክ ለማጽናት ተብሎ ዘመድ ከዘመድ ሲጣመር የጉንጩ ክዳን ያጠረ፣ መንጋጋው የተጣመመ ጫጩት ሊበዛ ይችላል። ገዢ ከቀለሙ በፊት ሁለቱንም ጉንጮች፣ አፉንና አዋኘቱን ማየት አለበት።

ጥንዱን የሚወስነው ወረፋ

ክላውንፊሽ ሁሉ መጀመሪያ ሴት አይደለም። በአንድ አኔሞን ውስጥ ከሚኖረው ቡድን ትልቋ ብቻ ሴት ናት፤ ሁለተኛው ወንድ ባሏ ነው፤ ሌሎቹ ገና ያልደረሱ ታናናሾች ናቸው። ሴቷ ስትሞት ባሏ ጾታውን ለውጦ ሴት ይሆናል፤ ከታናናሾቹ ትልቁ ደግሞ የባልነቱን ቦታ ይይዛል። ሃንስ ፍሪከና ሲሞን ፍሪከ እ.ኤ.አ. በ1977 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ይህ ለውጥ በኃይል የበላይነት እንደሚመራ ሲያሳዩ ካጠኗቸው ዓሣዎች አንዱ የእኛው ጎረቤት፣ የቀይ ባሕሩ ባለ ሁለት መስመር ነበር። ነገሩ የዕቁብ ዕጣ አይደለም፤ ተራ የሚጠበቅበት ወረፋ ነው። ፒተር ባስተን እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ጥናት ደግሞ ታናሹ ታላቁን እንዳያሰጋ ዕድገቱን ራሱ እንደሚገታ አሳይቷል።

የጥንዱ አያያዝ የሚመነጨው ከዚህ ሕግ ነው። ወንድና ሴት ለይቶ መግዛት አያስፈልግም፤ በልጅነታቸው ልዩነትም የለም። የሚያስፈልገው በመጠን የሚበላለጡ ሁለት ወጣት ዓሣዎችን መምረጥ ነው። ትልቁ ሴት ይሆናል፤ ትንሹ ወንድ ሆኖ ይቀራል። እኩያ የሆኑትን አንድ ላይ ማስገባት ጠብ መጥራት ነው። ከሁሉ የከፋው ሁለት ሴቶችን ማገናኘት ነው። ሴት የሆነ ክላውንፊሽ ወደ ወንድነት ስለማይመለስ አንዷ እስክትሞት ይፋለማሉ።

ሁለቱ ሲገናኙ የሚታየው ምልክት ግልጽ ነው። ትልቋ ቀርባ ስትገፋው ትንሹ ወደ ጎን ጋደም ብሎ መላ ሰውነቱን ያርገፈግፋል። ጀማሪ ዓሣው ታመመ ብሎ ይደነግጣል፤ ዓሣው ግን «የበላይነትሽን ተቀብያለሁ» ማለቱ ነው። ይህ ከታየና ሌሊት ጎን ለጎን ማደር ከጀመሩ ጋብቻው እየያዘ ነው። ትንሹ ክንፉ ከተተለተለ ወይም ማዕዘን ውስጥ ተወሽቆ ምግብ ካልቀረበ ግን ቀዳዳ ባለው ግልጽ ሳጥን ነጥሎ እዚያው ገንዳ ውስጥ እየተያዩ ማቆየት፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና መሞከር ነው። ካልሆነም በጣም ያነሰ ሌላ ዓሣ መፈለግ ይሻላል።

ጥንድ ሆኖ እንቁላል እስኪጣል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ለእንቁላል መጣያ ያልተሟሸ አዲስ ትንሽ ማሰሮ በጎኑ ማስተኛት ይበቃል። የተሟሸው ቅባት ስላለበት አይሆንም። እንቁላሉ መጀመሪያ ብርቱካናማ ነው፤ ሊፈለፈል ሲቃረብ የጫጩቶቹ ዓይን እንደ ብር ያበራል። የሚያራግበውና የሞተውን እየለቀመ የሚያጸዳው በዋናነት አባትየው ነው። በዚህ ከእኛው ቆሮሶ ይለያል፤ የቆሮሶ እናት እንቁላሉንም ጫጩቱንም በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። የክላውንፊሽ እንቁላል እንደ ሙቀቱ ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ፣ ከመሸ በኋላ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ መጀመሪያ ሮቲፈር የተባለውን በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ሕያው ፍጡር፣ ቀጥሎም ገና የተፈለፈለ አርቴሚያ ይመገባሉ። ነጩ መቀነት የሚወጣው ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ነው። ጫጩት ማሳደግ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ጀማሪ ጥንዱን በጤና በማቆየት ቢወሰን አያፍርበትም።

በሸዋ ሮቢት ሙቀት

ይህን ዓሣ ቆላ ላይ ለማቆየት የሚያስብ ሰው ፈተናው ብርድ አይደለም። ክላውንፊሽ የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ማሞቂያ የግድ ይላል፤ ጣርማ በርን ተሻግሮ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ጭንቀቱ ማቀዝቀዣ ይሆናል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ወደ 14 በመቶ ስለሚያንስ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ደግሞ ይብሱን ይቀንሰዋል። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ገንዳውን ፀሐይ ከማያገኘው ግድግዳ ማስጠጋት፣ በአየር ፓምፕ የውኃውን ገጽ ማናወጥ፣ ክዳኑን አንስቶ በመረብ በመሸፈን ትንሽ ቬንትሌተር በገጹ ላይ ማንፈስ። የቬንትሌተሩ ነፋስ ውኃውን ሲያተን ሙቀቱ በጥቂት ዲግሪ ይወርዳል።

ውኃ ሲተን ግን ጨው አይተንም፤ ገንዳው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው ውኃ ነው። በጨው ውኃ የሚሞላ ሰው ዓሣውን ቀስ በቀስ ያንቃል። ትክክለኛው ልክ በሊትር 35 ግራም ያህል ነው፤ 80 በ35 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስታወት መቶ ሊትር ገደማ ሲይዝ 3 ኪሎ ተኩል ጨው ይፈልጋል። ይህም ገንዳ ለአንድ ጥንድ ይበቃል።

ጨው ሲባል አፋር ቅርብ ነው ብሎ የአፍዴራን ጨው መበተን አይሠራም። የወጥ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ የባሕር ውኃ ግን ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም በልክ ይዟል። ለባሕር ዓሣ ተብሎ የሚዘጋጅ ጨው መግዛት ግዴታ ነው። የቧንቧ ውኃም ክሎሪኑ ሳይወጣለት አይገባም፤ ተጣርቶ ማዕድኑ የወጣለት ውኃ ቢሆን ይመረጣል።

ሌላው የማይዘለል ነገር ትዕግሥት ነው። ከዓሣ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ጉዳቱ ወዳነሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በማጣሪያው ላይ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። እስከዚያ ገንዳው ያለ ዓሣ ይሠራል። መብራት ሲጠፋም ፓምፑ ከቆመ ኦክስጅን በፍጥነት ያልቃልና በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከዓሣው ቀድሞ ቤት መግባት አለበት።

ለምን ከገንዳ?

እ.ኤ.አ. በ2023 ቀይ ባሕር ከልክ በላይ ሲሞቅ በሳዑዲ ዓረቢያ በኩል በተጠኑ ሦስት የኮራል ዳርቻዎች ከነበሩት ክላውንፊሾች ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት፣ ከአኔሞኖቹም አብዛኞቹ አልቀዋል። ባሕሩ ውስጥ ያሉት ራሳቸውን ለመተካት በቸገሩበት ጊዜ ለጌጥ ብሎ ከኮራል ላይ ማጥመድ አያዋጣም። ለገዢውም ቢሆን በገንዳ የተፈለፈለው ይሻለዋል፤ ደረቅ ምግብ ለምዷል፣ ከሰው አይሸሽም፣ ከባሕር የሚመጣ ጥገኛ ተባይም ያንስበታል። በደንብ ከተያዘም ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል።

እንግዲህ ለማሳደግ ያሰበ አንባቢ ቅደም ተከተሉን አይቀይር፦ መጀመሪያ መስታወቱ፣ ጨውና የውኃ መመርመሪያው፤ ቀጥሎ በባትሪ የሚሠራው ፓምፕ፤ ዓሣው በመጨረሻ። ሻጩን «ከባሕር የተያዘ ነው ወይስ የተፈለፈለ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከውጭ የመጣ ከሆነም የጤና ምስክር ወረቀቱን ይይ። በቀለም አይታለል፤ ተራው ብርቱካናማና ፕላቲነሙ የሚፈልጉት ውኃ አንድ ነው። ቤቱ መብራት ሲጠፋ መተኪያ ከሌለው ግን ክላውንፊሽ ይቅርበት፤ በጨው አልባ ውኃ የሚኖር ጠንካራ ዓሣ ይዞ ይለማመድ።