ከወቅፍ ገቢ መጀመሪያ የሚወጣው ለጥገና ነው



ለክረምት ወደ ሐይቅና ወደ አምባሰል የምንገባ ተማሪዎች አንድ ነገር እናውቃለን። በጭብጨባ የተመረቀ ቦኖ በዓመት በሁለት ዓመቱ ሲደርቅ፣ እናቶቻችን ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ምንጭ ሲመለሱ አይተናል። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ የአንድ መክፈቻና የአንድ ቧንቧ ሠራተኛ ዋጋ ነው። መገንቢያው ተገኝቶ ነበር፤ ማቆያው ግን አልታሰበም።

በክፍል ውስጥ የአንድ ግንባታ ዋጋ የመሥሪያው ብቻ እንዳልሆነ እንማራለን። ማንቀሳቀሻው፣ መጠገኛውና ዕድሜው ሲያልቅ መተኪያው አብረው ይደመራሉ። ዘላቂ መሠረተ ልማት የሚባለው ለእነዚህ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ገንዘብ የታሰበለት ነው።

ይህን በመድረሳም ተምረነዋል። ዑሥማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች ሁሉ ክፍት አደረጉ። ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ስላገኙት መሬት ሲያማክሩ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዋናውን ይዘው ፍሬውን እንዲለግሱ መከሯቸው። የሐነፊ ፉቀሃዎች ደግሞ አንድ ወሳኝ ደንብ አስቀመጡ፦ ከወቅፍ ገቢ መጀመሪያ የሚወጣው ለራሱ ለወቅፉ ጥገና ነው፤ ወቅፍ ያደረገው ሰው ባይናገር እንኳ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዋናው ከፈረሰ ምጽዋቱም ይቋረጣል።

የከተማ ገንዘብም በዚሁ መንገድ ሲመራ አይተናል። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2018 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም 117 የኢትዮጵያ ከተሞችን ያቀፈ ሲሆን፣ ገንዘቡ ከሥራ አፈጻጸማቸው ጋር የተያያዘ ነበር። ከተሞቹ ያላቸውን መንገድና ቦይ መዝግበው የጥገና ዕቅድ እንዲያወጡም ይጠበቅባቸው ነበር።

ኮብልስቶንን እንውሰድ። ድንጋዩ የወሎ ጥቁር ድንጋይ፣ ጉልበቱ የወጣቱ ነው። ቧንቧ ለመቅበር ቢነሣ ያው ድንጋይ ተመልሶ ይነጠፋል። ከሥሩ ያለው አሸዋ በጎርፍ ከታጠበ ግን መንገዱ ይሰምጣል። ስለዚህ በአምባሰል ተዳፋት ላይ ዲቹ ከድንጋዩ መቅደም፣ በየዓመቱም ከክረምት በፊት መጠረግ አለበት።

በሐይቅ ከተማ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። ሐይቁ ገባር እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። ውሃው ይተናል፤ ከመጸዳጃና ከማሳ ታጥቦ የገባው ፎስፈረስ ግን አብሮ አይተንም፣ እዚያው ይከማቻል። ሲበዛ አልጌ ያፈላል፤ አልጌው ሲበሰብስ ለዓሣው የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ስለዚህ የማያፈስ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ መምጠጫ መኪናና ከሐይቁ የራቀ መድፊያ ቦታ ያስፈልጋሉ። ለምርቃት ቀን የማያምሩ ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን እዚያ የተዘለለ ወጪ ወደ ታች አገር አይፈስም፣ ከልጆቻችን ጋር ይቀራል።

ታዲያ ምን እናድርግ? በጀመዓም ሆነ በቀበሌ ስብሰባ «መቼ ይሠራል?» ብለን ብቻ አንመለስ። «ማን ይጠግነዋል? በየትኛው ገንዘብ?» ብለንም እንጠይቅ። ለቦኖ ስናዋጣ ከመዋጮው ከፊሉን ኪራይ ለምታስገኝ አንዲት ሱቅ እናውለው፤ ኪራዩ ቧንቧውን ይጠግን። ሰደቀቱል ጃሪያህ ማለት የሚፈስ ምጽዋት ነው፤ የደረቀ ቦኖ ደግሞ አይፈስም።

አላህ ይወፍቀን። ወሏሁ አዕለም።