ለስድብ በመልካም ቃል ስለ መመለስ

ሰው ክፉ ቃል ሲናገረን ፊታችን ይጠቍራል፥ እጃችንም በትር ይፈልጋል። ይህ የሥጋ ጠባይ ነውና አያስደንቅም። ነገር ግን ተማሪ ሆይ፥ መልስህ ከአፍህ ሳይወጣ ይህን መርምር፤ የሚሳደብ ሰው ብዙ ጊዜ የተናቀ ወይም የተረሳ የመሰለው ሰው ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑ ሁለት ታሪኮች በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 8ና በምዕራፍ 12 ተጽፈው ይገኛሉ። ጌዴዎን በ300 ሰዎች ምድያምን ድል ባደረገ ጊዜ፥ የኤፍሬም ሰዎች አስቀድሞ ለጦርነቱ ስላልጠራቸው እጅግ ተቈጥተው ተጣሉት። እርሱም የምድያምን መኳንንት ሔሬብንና ዜብን የያዙት እነርሱ መሆናቸውን አስታውሶ፥ የእርሱ ሥራ ከእነርሱ ሥራ እንደሚያንስ ነገራቸው። ቍጣቸውም በረደ። መኳንንቱን በእውነት እነርሱ ይዘዋቸው ነበርና ነገሩ ሽንገላ አልነበረም።

ኋላ በዮፍታሔ ዘመን የኤፍሬም ሰዎች ያንኑ ቅሬታ ይዘው መጡ፤ አሞንን ሲወጋ ስላልጠራቸው ቤቱን በእሳት እንደሚያቃጥሉ ዛቱበት። ዮፍታሔ ግን ጠርቷቸው እንዳልመጡለት ተከራከረ። እነርሱም የገለዓድን ሰዎች ኰብላዮች ብለው ሰደቡ፥ ነገሩም ወደ ጦርነት ደረሰ። በዮርዳኖስ መሻገሪያ «ሺቦሌት» ማለት ተስኖት «ሲቦሌት» ያለ ሁሉ ታረደ፤ ከኤፍሬም የሞቱት 42,000 ናቸው። ዮፍታሔ እንደ ቃሉ ጠርቷቸው ከነበረ እውነቱ የእርሱ ነው። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች የመጡት ክብር ፍለጋ እንጂ ማስረጃ ፍለጋ አልነበረም።

ጌዴዎን በጠባዩ የዋህ ስለ ነበረ ነው የሚል ቢኖር፥ የዚያኑ ምዕራፍ ቀሪውን ያንብብ። እንጀራ የከለከሉትን የሱኮትን ሽማግሌዎች በእሾህ የቀጣ እርሱ ራሱ ነው። ለኤፍሬም የሰጠው መልስ እንግዲህ አስቦ የመረጠው ነው።

ቋንቋችን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በገበያ ወይም በእርሻ ድንበር ላይ «አንተ» ብሎ የጮኸብህን ሽማግሌ «አባቴ፥ ምን በደልሁዎ?» ብለህ ብትጠይቀው፥ «አንቱ» ያለውን ሰው መልሶ «አንተ» ማለት ያሳፍረዋል፤ ድምፁም ዝቅ ይላል። እኩያህን ደግሞ «ወንድሜ» በለው፤ ስድቡን ትተህም ስለ ነገሩ ጠይቀው።

ነገር ግን ተጠንቀቅ። ቅኔ የተማርን ሰዎች አንድ ክፉ ልማድ አለብን፤ ሰሙን ምስጋና፥ ወርቁን ስድብ አድርገን መናገር እንወዳለን። ሰሚው በዚያው ሰዓት ባይገባው፥ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ ቂሙ እጥፍ ይሆናል።

ደግሞም በመልካም ቃል መመለስ መብትን መተው አይደለም። ድንበርህ ተገፍቶ እንደ ሆነ «አንቱ» እያልህ ድንበርህን ጠይቅ፤ እንቢ ቢሉህ ወደ ሽማግሌ ወይም ወደ ዳኛ ሂድ። በትር ያነሣብህ ቢኖር «በሕግ አምላክ» ብለህ አቁመው፥ ምስክርም ቍጠር። በሸንጎም ከአንተ አፍ የወጣ ስድብ ካልተገኘ፥ ሽማግሌዎቹ የሚመረምሩት ድንበሩን ብቻ ነው። ተሰዳድባችሁ እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ የስድቡ ነገር ሲነሣ ይውላል፥ የድንበሩም ነገር ለሌላ ቀን ይቀጠራል።