የተማሪዎች የንግድ ሐሳብ ውድድር ከሽልማት ባሻገር

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የንግድ ሐሳባቸውን በጥቂት ደቂቃዎች ለዳኞች የሚያቀርቡባቸው ውድድሮች ፋይዳ የሚለካው በሽልማቱ መጠን ሳይሆን ሐሳቡ ወደ ድርጅትነት በመለወጡ ነው።

በዘርፉ ሥልጠናን ለማስፋፋት የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል በ2005 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ማዕከሉን የደገፈው የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢትዮጵያ ጽሕፈት ቤቱ የሚገኘው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ቅጥር ግቢ ነው።

ይሁን እንጂ ሥልጠናና ሽልማት ብቻቸውን በቂ አይደሉም። አሸናፊው ድርጅቱን በሕግ ማቋቋምና ለብድር ዋስትና ማቅረብ ይጠበቅበታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለመመሥረት ቢያንስ ሁለት አባላትን ይጠይቅ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ግን አንድ ሰው ብቻውን እንዲመሠርት ፈቅዷል።

ዋስትናን በሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽንና ተሰብሳቢ ሂሳብን የመሳሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች ለብድር መያዣ የሚሆኑበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ይህም ቤት ለሌለው ተመራቂ አማራጭ ይሰጣል።

በመሆኑም አዘጋጅ ተቋማት የንግድ ምዝገባና የብድር ባለሙያዎችን በውድድሩ ዕለት ቢያሳትፉ አሸናፊው ቀጣዩን እርምጃ ለይቶ ይወጣል። ይህ ካልሆነ ሐሳቡ ከጭብጨባና ከምስክር ወረቀት ሳያልፍ ሊቀር ይችላል።