ሐኪሞች ለምን ይዝላሉ?

ከዲማና ከአካባቢዋ ቀበሌዎች ምጥ የጠናባት እናት ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ ስትሆን ወደ ሆስፒታል ትላካለች፤ ሲከፋም መንገዱ እስከ ደብረ ማርቆስ ይዘልቃል። እዚያ የሚቀበሏት ሐኪም ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ጎናቸውን ያላሳረፉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ተረኝነት ወይም በተለምዶ «ዲዩቲ» የሚባለው አሠራር ሐኪሙ የቀኑን ሥራ ጨርሶ ሌሊቱንም እዚያው እንዲያድር፣ ብዙ ጊዜም በማግሥቱ ሥራውን እንዲቀጥል ያደርጋል። የቀድሞው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። ሰኞ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ቀኑንም ሳያቋርጥ የሚሠራ ሐኪም ግን ይህን ቁጥር ረቡዕ ማታ ላይ ያልፈዋል። በአሜሪካ በሥልጠና ላይ ላሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተቀመጠው ጣሪያ በሳምንት 80 ሰዓት ነው፤ እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት የሥራ ዝለትን ራሱን የቻለ በሽታ አላለውም። በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመነጭ ክስተት ነው ብሎ፣ ሦስት ምልክቶችን ጠቅሷል፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ማማረር፣ የሥራ ውጤታማነት መቀነስ። ለአርሶ አደር ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ቀንበር ሳይወርድለት የሰነበተ በሬ ትልም መሳት ሲጀምር ጅራፍ እንደማያቀናው ያውቃል። ታካሚዎችን ይበልጥ የሚያስቀይመው ሁለተኛው ምልክት ነው። ቀና ብሎ የማያይ፣ ጥያቄን በአጭሩ የሚቆርጥ ሐኪም ትዕቢተኛ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የዛለ ነው።

ዝለቱ ከሰዓት ብዛት ብቻ አይመጣም። ተለማማጅና ሬዚደንት ሐኪሞች በታካሚና በአስታማሚ ፊት በአለቆቻቸው የሚዘለፉበት ልማድ በሕክምና ትምህርት ውስጥ የቆየ ነው፤ «እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው» የሚለው ምክንያትም አብሮት ይወረሳል። የተረኝነት ክፍያ በወቅቱ አለመከፈሉም ሌላው ምሬት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮውን ከፍሎ የመጣ ገበሬ «መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ» ሲባል ደግሞ ቁጣው የሚያርፈው ማዘዣውን በጻፈው ሐኪም ላይ ነው። በአማራ ክልል በዚህ ሁሉ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ የቆየው ግጭት ተጨምሯል። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በክልሉ የጤና ባለሙያዎች ቁስለኞችን በማከማቸው ምክንያት ድብደባ፣ እስርና ማስፈራሪያ እንደደረሰባቸው ገልጿል።

ምሬቱ በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ወደ ሥራ ማቆም አምርቶ ነበር። ባለሙያዎቹ ካነሷቸው ጥያቄዎች መካከል የደመወዝ ማሻሻያ፣ ተመጣጣኝ የተረኝነት ክፍያ፣ የሥራ ቦታ ደኅንነትና ነፃ ሕክምና ይገኙበታል። የመጨረሻው አንባቢን ያስገርም ይሆናል፤ ሌላውን የሚያክም ሰው ለራሱና ለቤተሰቡ ሕክምና መክፈል ሲያቅተው ማለት ነው። መንግሥት አድማውን ሕገ ወጥ ብሎት በርካታ ባለሙያዎች ታስረዋል፤ በየሆስፒታሉ ደጃፍ የተንገላታው ሕመምተኛም ጥቂት አልነበረም።

ከተረኝነት በኋላ ዕረፍት ይሰጥ ማለት ቀላል ነው፤ ተተኪ ግን ይጠይቃል። በጤና ሥርዓቱ መሠረት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ ያገለግላል። ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ባለሙያ አንድ ብቻ በሆነበት ቦታ፣ እሱ ሲያርፍ የቀዶ ጥገና ክፍሉም አብሮ ይዘጋል።

እስከዚያው ድረስ ለታካሚ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የመድኃኒት እጥረት ቅሬታ የሚቀርበው ለተረኛው ሐኪም ሳይሆን ለሆስፒታሉ አስተዳደርና ለወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ነው፤ የመድን ደብተሩንና «የለም» የተባለውን የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ መሄድም ያስፈልጋል።